የውጭ አገር ተማሪና የባንክ ሒሳብ፦ በጀርመን ሒሳብ የመክፈት መብትና የማስረጃ ቅደም ተከተል

መግቢያ

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጀርመን የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ለቪዛ ከሚያቀርባቸው ማስረጃዎች አንዱ የመጀመሪያውን ዓመት የመተዳደሪያ ወጪ መሸፈን እንደሚችል የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። ነፃ የትምህርት ዕድል ያላገኘና በጀርመን ነዋሪ በሆነ ሰው የተፈረመ የዋስትና ሰነድ የሌለው ተማሪ ይህን ግዴታ የሚወጣው በአብዛኛው ገንዘቡን ጀርመኖች «ሽፔርኮንቶ»፣ ተማሪዎቻችን ደግሞ በተለምዶ «ብሎክድ አካውንት» በሚሉት የታገደ ሒሳብ በማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የተወሰነው መጠን በዓመት 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992 ዩሮ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ይህን ያህል ዩሮ ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር በእጅጉ ጨምሯል። በመሆኑም በታገደው ሒሳብ የተቀመጠው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የአንድ ተማሪ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጥሪት ነው።

ተማሪው ጀርመን ከደረሰ በኋላ ይህ ገንዘብ በየወሩ የሚለቀቅለት በራሱ ስም ወደ ተከፈተ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ነው። ተንቀሳቃሽ ሒሳቡ እስኪከፈት ድረስ ግን ገንዘቡ በስሙ ተቀምጦ ሳለ የቤት ኪራይ ሊከፍልበት፣ የጤና መድን መዋጮ ሊያስቀንስበት አይችልም። የመተዳደሪያ ገንዘብ እንዳለው መንግሥት አረጋግጦ ያስገባው ሰው በባንክ መስኮት ፊት ሲደርስ «ማስረጃህ አልተሟላም» ተብሎ የሚመለስበት ሁኔታ ለምን ይፈጠራል? ይህ አጭር ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ይሞክራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ ችግሩ በመሠረቱ የመብት እጦት ሳይሆን የማስረጃ ቅደም ተከተል ችግር መሆኑ ነው። ሕጉ ከ2016 ጀምሮ የቅደም ተከተሉን ቋጠሮ የሚፈታ መብት አስቀምጧል፤ ይሁንና መብቱ ሥራ ላይ የሚውለው በስሙ ተጠርቶ፣ በጽሑፍና በተወሰነው ቅጽ ሲጠየቅ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ባንኩ የሚጠይቀውና የሚጠይቅበት ምክንያት

ባንክ አዲስ ደንበኛን ከመቀበሉ በፊት ማንነቱን የማጣራት ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ የአንድ አገር ፈጠራ አይደለም። የቡድን ሰባት አገሮች በ1989 ፓሪስ ላይ ባደረጉት ጉባኤ የተቋቋመው የፋይናንስ ድርጊት ግብረ ኃይል ያወጣቸው ምክረ ሐሳቦች በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ ውስጥ ገብተዋል። በአገራችንም በወንጀል ድርጊት የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 780/2005 ባንኮች ደንበኛቸውን እንዲያውቁ ያስገድዳል። ስለዚህ በፍራንክፈርት ወይም በላይፕሲሽ የሚቀርበው ጥያቄ በመሠረቱ በአዲስ አበባ ከሚቀርበው የተለየ አይደለም።

የጀርመኑ ተመሳሳይ ሕግ ከአንድ ግለሰብ ደንበኛ እንዲሰበሰቡ የሚያዝዛቸው መረጃዎች አምስት ናቸው፦ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የትውልድ ቀን፣ ዜግነትና የመኖሪያ አድራሻ። ማንነት የሚረጋገጠው ደግሞ ፎቶግራፍ ባለው፣ በጀርመን ተቀባይነት ባለውና ጊዜው ባላለፈ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ነው። ከዚህ በተጨማሪ የግብር ሕጉ ባንኩ የደንበኛውን የግብር መለያ ቁጥር እንዲመዘግብ ይጠይቃል። አገሮች የሒሳብ መረጃ እርስ በርስ የሚለዋወጡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ስላለም ደንበኛው በየትኛው አገር ግብር የመክፈል ግዴታ እንዳለበት በፊርማው ያረጋግጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሕጉ በዝቅተኛ ደረጃ የሚጠይቀው ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ባንኩ በራሱ የሥጋት ግምገማ የሚጨምረው ነው። ሕጉ ባንኮች የቁጥጥሩን ጥብቅነት እንደ ሥጋቱ መጠን እንዲወስኑ ስለሚፈቅድ፣ አንዱ ባንክ በፓስፖርትና በቪዛ የሚረካበትን ጉዳይ ሌላው ባንክ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ካልቀረበ አላይም ሊል ይችላል። ለመስኮት ሠራተኛው ሁለቱም «ሕጉ ነው»። ለተማሪው ግን ልዩነቱ ወሳኝ ነው፤ የመጀመሪያውን ማለፍ አይቻልም፣ ሁለተኛውን ግን መከራከር ወይም በሌላ ባንክ መተካት ይቻላል።

የአገር ስምም በግምገማው ውስጥ ይገባል። ኢትዮጵያ ከ2017 እስከ 2019 በግብረ ኃይሉ የቅርብ ክትትል ዝርዝር ውስጥ ነበረች። የአውሮፓ ኅብረትም ከፍተኛ ሥጋት አለባቸው ባላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ በ2018 አስገብቷት በ2020 አስወጥቷታል። በኅብረቱ ዝርዝር ከሚገኙ አገሮች ጋር የተያያዘ የገንዘብ ግንኙነት ተጨማሪ ማጣራት ይደረግበታል። ዝርዝሩ የሚናገረው ስለ አገሪቱ የቁጥጥር ሥርዓት እንጂ ስለ ግለሰቡ ምግባር አይደለም፤ የሚያስከትለው ተጨማሪ ጥያቄ የሚቀርበው ግን ለግለሰቡ ነው።

የማስረጃው አዙሪት

ከአምስቱ መረጃዎች አራቱ በፓስፖርቱ ላይ ይገኛሉ። አዲስ ለመጣ ሰው የሚከብደው አምስተኛው፣ አድራሻው ነው። በጀርመን የነዋሪዎች ምዝገባ ሕግ መሠረት ወደ አንድ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ለመመዝገብ አከራዩ ተከራዩ በርግጥ ወደ ቤቱ መግባቱን የሚያረጋግጥ የተፈረመ ወረቀት ያስፈልጋል። ምዝገባው ሲፈጸም የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ባንኮች እንደ አድራሻ ማስረጃ የሚቀበሉት ዋናው ሰነድ ነው። የግብር መለያ ቁጥሩም ለአዲስ ገቢ የሚላከው ከዚህ ምዝገባ በኋላ፣ በፖስታ፣ በተመዘገበው አድራሻ ነው።

አዙሪቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አከራዩ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት የዋስትና ገንዘብና የመጀመሪያውን ወር ኪራይ በባንክ እንዲላክለት ይፈልጋል። ገንዘብ ለመላክ ሒሳብ ያስፈልጋል። ሒሳብ ለመክፈት የምዝገባ ወረቀት ያስፈልጋል። የምዝገባ ወረቀት ለማግኘት ቤት ያስፈልጋል። በሴሜስተሩ መጀመሪያ በትልልቅ ከተሞች የምዝገባ ቀጠሮ ማግኘት ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ለጊዜው በእንግዳ ማረፊያ ወይም ከሌላ ተከራይ በተቀበለው ክፍል ያረፈ ተማሪ ደግሞ የአከራይ ማረጋገጫ ወረቀቱን ላያገኝ ይችላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ተደምረው ግን እያንዳንዱ ሰነድ የሌላውን መቅደም የሚጠብቅበትን ሁኔታ ይፈጥራሉ።

በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ባንኮች ይህን አዙሪት በከፊል ያሳጥራሉ። ማንነት የሚያረጋግጡት በቪዲዮ ጥሪ ስለሆነ ቀጠሮ አያስፈልግም። ነገር ግን በቪዲዮ የሚደረገው ማረጋገጫ በካሜራ ሊታዩ የሚችሉ የደኅንነት ምልክቶች ባሏቸው ሰነዶች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ የእያንዳንዱ አገር ፓስፖርት በእያንዳንዱ ባንክ ዘንድ ተቀባይነት የለውም። በዚህ ምክንያት የተመለሰ አመልካች ፓስፖርቱ ሐሰተኛ ተብሏል ማለት አይደለም። ብዙ ባንኮች አመልካቹ በፖስታ ቤት ቀርቦ ሰነዱን በአካል የሚያሳይበት አማራጭ ስላላቸው ይህንኑ መጠየቅ ይገባል።

ስም፣ ፊደልና ቀን

ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ሌላ መሰናክል የሚፈጠረው ከስም አወጣጣችን ነው። የጀርመን ቅጽ የግል ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ያለው የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። በዚህ ምክንያት አንዱ ሰነድ የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሲያስገባ ሌላው የአያትን ስም ሊያስገባ ይችላል። ፓስፖርቱ በአንድ መልክ፣ የዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ደብዳቤ በሌላ መልክ፣ የታገደው ሒሳብ ደግሞ በሦስተኛ መልክ ሲጻፍ ሰነዶቹን የሚያመሳክር ሰው አንድን ሰው ሳይሆን ሦስት ሰዎችን ያያል። ከታገደው ሒሳብ ገንዘብ የሚለቀቀው በባለቤቱ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ በመሆኑ የስም አለመጣጣም ሒሳቡ ከተከፈተ በኋላም ክፍያ ሊያዘገይ ይችላል።

የፊደል ለውጥም ተመሳሳይ ውጤት አለው። «ፀሐይ» ወይም «ወልደ» የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ በሆኑ መንገዶች ይጻፋሉ፤ የትምህርት ማስረጃና ፓስፖርት በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ስለሚዘጋጁ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መያዛቸው ዋስትና የለውም። የትውልድ ዘመንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ሰነድ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲመለስ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው፣ ሳይመለስ የቀረ ወይም በስሕተት የተመለሰ ቀን በማንነት ማጣራት ላይ ከባድ ጥርጣሬ ያስነሣል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ከጉዞ በፊት ፓስፖርቱን እንደ መነሻ ወስዶ፣ ሌሎቹን ሰነዶች በሙሉ ከፓስፖርቱ አጻጻፍ ጋር ፊደል በፊደል ማስማማት።

መሠረታዊ ሒሳብ እንደ መብት

የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ያወጣው የክፍያ ሒሳቦች መመሪያ በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ግለሰብ ሸማች መሠረታዊ የክፍያ ሒሳብ የማግኘት መብት እንዲኖረው ደንግጓል። ጀርመን ይህን በራሷ ሕግ ያስገባችው ሲሆን ድንጋጌው ከሰኔ 19 ቀን 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። ሒሳቡ በጀርመንኛ «ባዚስኮንቶ» ይባላል። መብቱ ቋሚ መኖሪያ የሌላቸውን፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን፣ እንዲሁም የመኖሪያ ፈቃድ ባይኖራቸውም ከአገር ሊባረሩ የማይችሉ ሰዎችን ይጨምራል። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ያለ ጥርጥር በዚህ ውስጥ ይካተታል።

ለያዝነው ጉዳይ የዚህ ሕግ አራት ነጥቦች ዋና ናቸው። የመጀመሪያው ባንኩ ሙሉ ማመልከቻ በደረሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ውል እንዲያቀርብ፣ ካልተቀበለም በዚያው ጊዜ ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ መገደዱ ነው። ሁለተኛው ማመልከቻው በሕግ በተዘጋጀ አንድ ወጥ ቅጽ የሚቀርብ መሆኑና ባንኩ ቅጹን ሲቀበል ግልባጭ አያይዞ መቀበሉን ማረጋገጥ ያለበት መሆኑ ነው። ሦስተኛው ሊከለከል የሚችልባቸው ምክንያቶች በሕጉ ተዘርዝረው መወሰናቸው ነው፤ ለምሳሌ አመልካቹ በጀርመን የሚሠራበት ሌላ ሒሳብ ካለው ወይም በባንኩ ላይ ሆን ብሎ ወንጀል በመፈጸም ተፈርዶበት ከሆነ። ዝቅተኛ ገቢ፣ የብድር ታሪክ አለመኖር ወይም የውጭ ዜጋ መሆን በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አራተኛው የአድራሻ ጉዳይ ነው። ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከላከለው ሕግ ራሱ፣ ቋሚ መኖሪያ የሌለው ሰው መሠረታዊ ሒሳብ ሲከፍት በመኖሪያ አድራሻ ፈንታ ደብዳቤ የሚደርሰውን የፖስታ አድራሻ መስጠት እንደሚበቃ ይደነግጋል። ከላይ የተገለጸው አዙሪት በሕግ የሚቆረጠው በዚህ አንቀጽ ነው።

በሒሳቡ ገንዘብ ማስገባትና ማውጣት፣ ማስተላለፍ፣ በካርድ መክፈል እንዲሁም ኪራይንና የመድን መዋጮን በቀጥታ ማስቀነስ ይቻላል። የማይቻለው ከቀሪ ሒሳብ በላይ ማውጣት ነው። ባንኩ ያለ በቂ ምክንያት ከከለከለ ወይም በጊዜው መልስ ካልሰጠ፣ አመልካቹ «ባፊን» በሚል ምኅጻረ ቃል ለሚታወቀው የፌዴራል የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ማመልከት ይችላል፤ ባለሥልጣኑም ባንኩ ውሉን እንዲዋዋል የማዘዝ ሥልጣን አለው።

የሌሎች አገሮች መንገድ

የዚህ መብት ትርጉም የሚገባው መብቱ ከሌለባቸው አገሮች ጋር ሲነጻጸር ነው። በአሜሪካ በ2001 በወጣው የፀረ ሽብር ሕግ ላይ የተመሠረተው የ2003 ደንብ ባንኮች ከደንበኛ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና መለያ ቁጥር እንዲቀበሉ ያዝዛል። የአሜሪካ ዜጋ ላልሆነ ግለሰብ መለያ ቁጥሩ የፓስፖርት ቁጥርና ፓስፖርቱን የሰጠው አገር ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደንቡ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የግድ ይቅረብ አይልም። ነገር ግን ባንክ ሒሳብ እንዲከፍት የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ስለሌለ፣ ያንን ቁጥር የሚጠይቅ ባንክ አመልካቹን ቢመልስ አመልካቹ ያለው አማራጭ ሌላ ባንክ መፈለግ ነው።

ብሪታንያ ደግሞ በ2014 ባወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው መሆኑ ለተመዘገበ ሰዎች ባንኮች ተንቀሳቃሽ ሒሳብ እንዳይከፍቱ ከልክላለች። በዚህ አሠራር ባንኩ የድንበር ቁጥጥር አንድ ክንድ ይሆናል። ፈረንሳይ በአንጻሩ ከ1984 ጀምሮ ሒሳብ የማግኘት መብትን በሕግ አውቃለች፤ በአንድ ባንክ የተከለከለ ሰው ለማዕከላዊው ባንክ ሲያመለክት ሒሳቡን የሚከፍትለት ባንክ ይመደብለታል። በአንዱ አገር ሒሳብ በባንኩ ፈቃድ የሚሰጥ አገልግሎት፣ በሌላው የኢሚግሬሽን ቁጥጥር መሣሪያ፣ በሦስተኛው የነዋሪ መብት ነው። የጀርመን ተማሪ የሚገኘው በሦስተኛው ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ቢሆንም፣ ይህን ባለማወቁ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሥርዓት ውስጥ እንዳለ ሰው ከባንክ ባንክ ይዞራል።

የመብቱ ወሰን

መብቱ የራሱ ድክመቶች አሉት። አንደኛው ዋጋው ነው። ሕጉ የአገልግሎት ክፍያው «ተገቢ» እንዲሆን ቢያዝዝም ነፃ ይሁን አይልም። የጀርመን ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰኔ 30 ቀን 2020 በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ባንክ ለመሠረታዊ ሒሳብ በወር ያስከፍል የነበረውን 8.99 ዩሮ ተገቢ ያልሆነ ብሎታል። የውሳኔው ዋና ምክንያት ባንኩ መሠረታዊ ሒሳብ የሚያስከትልበትን ተጨማሪ ወጪ በእነዚያ ደንበኞች ላይ ብቻ መጫኑ ነው፤ በሕግ የተጣለ ግዴታ ወጪ በሁሉም ደንበኞች ላይ መከፋፈል እንዳለበት ፍርድ ቤቱ አስረድቷል።

ሁለተኛው ድክመት ከቃል ክልከላ ጋር የተያያዘ ነው። ሕጉ የ10 ቀኑን ጊዜ የሚቆጥረው ከማመልከቻው መቀበል ጀምሮ ነው። በመስኮት ላይ «የምዝገባ ወረቀት ይዘህ ተመለስ» የተባለና ምንም ሳይጽፍ የወጣ ተማሪ በሕግ ፊት ያመለከተ ሰው አይደለም። ያልቀረበ ማመልከቻ አልተከለከለም፤ ያልተከለከለም ይግባኝ የለውም። ተማሪው «ሒሳብ መክፈት እፈልጋለሁ» ሲል የሚስተናገደው ባንኩ በፈቃዱ በሚሰጠው ተራ ሒሳብ ደንብ ሲሆን፣ «የመሠረታዊ ሒሳብ ማመልከቻ ቅጽ ስጡኝ» ሲል ግን ባንኩ ግዴታ ወዳለበት ሥርዓት ይሸጋገራል።

ተግባራዊ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተብራራው በመነሣት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ማቅረብ ይቻላል። ከጉዞ በፊት ተማሪው የስሙን አጻጻፍና የትውልድ ቀኑን በሁሉም ሰነዶች ላይ ከፓስፖርቱ ጋር ያስማማል፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳዩትን የባንክ ደረሰኞችና የውጭ ምንዛሪ ሰነዶች ቅጂ ይይዛል። የታገደውን ሒሳብ የሚያዘጋጀው ድርጅት ተንቀሳቃሽ ሒሳብም አብሮ የሚያቀርብ መሆኑን አስቀድሞ ያጣራል። ቤት ሲፈልግ አከራዩ የመግቢያ ማረጋገጫ ወረቀት እንደሚሰጥ ከመዋዋሉ በፊት ይጠይቃል።

እንደደረሰ የምዝገባ ቀጠሮውን ይይዛል፤ ቀጠሮው ቢዘገይም ቀጠሮ መያዙን የሚያሳየውን ማስረጃ፣ ፓስፖርቱን ከነቪዛው፣ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባውንና የታገደውን ሒሳብ ሰነድ ይዞ ወደ ባንክ ይሄዳል። ተራው ሒሳብ ካልተፈቀደለት የመሠረታዊ ሒሳብ ቅጽ ጠይቆ ሞልቶ ያስገባል፤ የተቀባይነት ማረጋገጫውንም ይቀበላል። 10 የሥራ ቀናት ካለፉ ወይም የክልከላ ደብዳቤ ከደረሰው ወደ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ያመለክታል። በዚህ መካከል በሌላ የኅብረቱ አባል አገር የተመሠረተ ባንክ ሒሳብ ቢከፍትለት፣ የአውሮፓን የዩሮ ክፍያ የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 260/2012 ከፋይም ሆነ ተቀባይ ሒሳቡ በየትኛው አባል አገር መሆን እንዳለበት መወሰንን ይከለክላል። ስለዚህ አሠሪም ሆነ የመድን ድርጅት «የጀርመን የሒሳብ ቁጥር ብቻ» ሊል አይገባውም።

ማጠቃለያ

ለአዲስ ገቢ ተማሪ የባንክ ሒሳብ ከሌሎች አገልግሎቶች እንደ አንዱ የሚቆጠር ጉዳይ አይደለም፤ ቤት፣ መድን፣ ደመወዝና የቤተሰብ ጥሪት የሚያልፉበት መተላለፊያ ነው። በጀርመን ያለው ሕግ ይህን ተገንዝቦ ሒሳብን የነዋሪ መብት አድርጎታል። ሆኖም መብቱ የተጻፈው ማመልከቻን ለሚያውቅ ሰው ነው፤ በቃል ተጠይቆ በቃል የሚመለስን ሰው አይደርስለትም። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለተጓዥ ተማሪዎች ገለጻ ሲሰጡ ስለ ቪዛና ስለ አየር ጠባይ ከሚነገረው ጎን ሁለት ነገሮችን ቢጨምሩ ብዙ ችግር ይቀላል፦ የስምና የቀን አጻጻፍን ከፓስፖርት ጋር ማስማማት፣ እንዲሁም «ባዚስኮንቶ» የሚለውን አንድ ቃል ከነትርጉሙ ማወቅ። የመጀመሪያው ተማሪው ለክልከላ ምክንያት እንዳይሰጥ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ቢከለከል መልሱን በጽሑፍ ለመጠየቅ ያስችለዋል።